መጀመሪያ ስፋ፣ ከዚያ ቁረጥ

ወረቀቷ የመጣችው በልጄ የሒሳብ ደብተር ውስጥ ታጥፋ ነው። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 እሁድ ስለሚውል፣ በትምህርት ቤቱ ዓርብ ኅዳር 27 ይከበራል፤ ተማሪዎች በዕጣ የደረሳቸውን ብሔረሰብ ባህላዊ ልብስ አሟልተው እንዲመጡ ትላለች። «አሟልተው» የሚለው ቃል ተሰምሮበታል። ከሥር በመምህሯ እጅ አንድ ቃል ተጽፏል፦ ጋሞ።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ዕጣ ሁሉ ሎተሪ ስለሚመስለው ጮቤ እየረገጠ ነው የገባው። አራተኛ ክፍል የምትማረው እህቱ ሐረሪ ደርሷት ነበር። የእርሷ ብዙ አላስቸገረም፤ ግቢያችን ውስጥ የምትከራይ የሐረር ልጅ ቀሚሱንም የራስ መሸፈኛውንም አውሳን፣ ባለቤቴ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ አጥብባ ጨረሰችው። የወንዱ ግን ስምንት ቀን ፈጀ።

የምሠራው በአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ 74 አለፈ፤ ብዙ ሳምንት ሳይቆጠር መቶን ተሻገረ። ድርጅታችን አዲስ ዕቃ ማዘዝ አቆመ። እኛም ከመስከረም ጀምሮ ተራ በተራ «ዕረፍት» እየወጣን ግማሽ ደመወዝ መቀበል ያዝን። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ክፍተቱን ለመሙላት የሌሊት ተረኛነት ትደርባለች። የቤት ኪራዩ፣ ጤፉና የትምህርት ቤት ክፍያው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ ለታክሲም አያዝናናም ነበር።

ቢሆንም ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ቤታችን ጉለሌ ስለሆነ በእግር ይደረሳል። አንድ ሱቅ ውስጥ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ሱሪና እጅጌ የሌለው ኮት ተሰቅሎ አየሁ። 2,800 ብር አለኝ። ጨርቁን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ነጭ ነው። ሽመና ሳይሆን በስስ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ የታተመ ሥዕል ነበር። «ይሄ እኮ አልተሸመነም» ስለው ነጋዴው አልተናደደብኝም። «ልጅ ጀርባውን አያይም፣ ወንድሜ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልጅ አያይም። እኔ ግን አንዴ አይቼዋለሁ።

ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ እጇ ግን አልደከመም። ዋጋውን ስትሰማ አማተበች። ከዚያ «ልብሱ ምንድን ነው የሚባለው?» አለችኝ። አላውቅም። «ማን ነው የሚለብሰው? ሽማግሌ ነው ወጣት? በሠርግ ነው በለቅሶ?» እርሱንም አላውቅም። «እንግዲያው ምን ልትገዛ ነበር የሄድከው?»

ይህ ነገር ለእርሷ አዲስ አይደለም። በ1977 መስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር እኔ የልጄ እኩያ ነበርኩ፤ በቀበሌያችን የሕፃናት ኪነት ውስጥ እጨፍር ነበር። በዚያን ጊዜ ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው በረሃብ ያልቃል፣ አዲስ አበባ ግን በቀይ ጨርቅና በመብራት አሸብርቃለች። ቀበሌው ቀይ ሸሚዝና ካኪ ቁምጣ አዘዘ፤ ጨርቁን ግን አልሰጠም። እናቴ የአባቴን አሮጌ የካኪ ሱሪ ከጉልበቱ በላይ ቆርጣ፣ ወገቡን አጥብባ፣ ነፋ ብሎ የሚቆም ቁምጣ ሰፋችልኝ። ለሸሚዙ አቡጀዲ ገዝታ ከመርካቶ በመጣ የቀለም ዱቄት፣ ቀለሙ እንዲይዝ ጨው ጨምራ፣ በድስት ቀቀለችው። ሲደርቅ ደም መስሎ አማረ። በበዓሉ ቀን ግን የመስከረም ዝናብ ወረደብን፤ ቀለሙ ከሸሚዙ ወደ ካኪው፣ ከካኪው ወደ እግሬ ፈሰሰ። እኔ ቆሰልኩ ብዬ አለቅስ ነበር፤ ካድሬው ደግሞ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ይህን ታሪክ ስታወራ ዛሬም የምትቆጨው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጨው አሳነስኩበት።»

ሰዎች እንዲህ ያለውን ሲሰሙ «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይላሉ፤ ችግር ሰውን ብልህ አድርጎ ያስተምራል ለማለት። ይህን ተረት አልወደውም። እናቴ በዚያ ሳምንት ሁለት ሌሊት አልተኛችም። እኔም አምና በኅዳር የተኛሁበትን ሰዓት ባለቤቴ ታውቃለች። ብልሃቱ የመጣው ከእንቅልፋችን ተቀንሶ ነው፤ ቅቤ አላየንም።

በማግስቱ እናቴ ባዘዘችኝ መሠረት ከኛ ሁለት ቅያስ ከፍ ብሎ ወደሚሠራው ሸማኔ ሄድኩ። በጠዋትና በማታ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ የማልፈው ሰው ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጁን አልፌ ውስጡን አላየሁትም። ሽሮ ሜዳ አካባቢ እንዳሉት ብዙዎቹ ሸማኔዎች እርሱም የጋሞ ሰው ነው፤ ዶርዜ ተወልዶ በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ መጣ። ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ከትቶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ ያሳልፋል። ክሩ ሲላላ አያየውም፤ በጣቱ ይሰማዋል። ሥራውን ሳያቋርጥ ነው ያዋራኝ።

«ዱንጉዛ ነው» አለኝ። ስሙን ያን ጊዜ ሰማሁት። ጥቅጥቅ ያለ የጥጥ ሽመና ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ በድሩና በማጉ ውስጥ የገባ እንጂ ላዩ ላይ የተለጠፈ አይደለም። ዱሮ ማንም ተነሥቶ የሚለብሰው እንዳልነበረ፣ የተከበረ ሰው ልብስ እንደነበረ ነገረኝ። ከአንድ የኮት ትእዛዝ የተረፈ ቁራጭ አለው። አውጥቶ ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ለካው፤ ሁለት ክንድ ከስንዝር።

«በማን ክንድ ነው ጋሼ?» አልኩት፤ የሒሳብ ሰው ነኝና።

«በኔ ነዋ። ያንተማ የጸሐፊ ክንድ ነው፤ ትከስራለህ።»

400 ብር ከፈልኩት። ከዚያ በላይ ሊጠይቀኝ ይችል ነበር።

ይህን ስነግራት እናቴ ዝም አለች፤ ቆይታም በልጅነቷ በአገሯ ሸማኔ ምን ይባል እንደነበር አነሣች። «ቁጢት በጣሽ» ይባላል። አፄ ምኒልክ በ1900 ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር፤ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ አራሹ አፈር ገፊ እየተባለ መሰደቡን አንድ በአንድ ጠቅሰው ነው የከለከሉት። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላ ብዙ ኖረ። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ሳለሁ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ብዬም ሊሆን ይችላል። አሁን የሸማኔውን ጨርቅ ለልጄ አሟልቼ እንዳለብስ ወረቀት ይላክልኛል። ደግ ነው። ግን ዕጣውን ያወጡት ሰዎች ደጁ ድረስ ሄደው ሸማኔውን «ና፣ ለልጆቹ ንገርልን» ቢሉት አይሻልም ነበር? እዚሁ በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

ለትከሻው ነጭ ኩታ ያስፈልግ ነበር። እናቴ ሳጥኗን ከፍታ የአባቴን ጋቢ አወጣች። «እርሱንማ ተይው» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል፣ ግን ሲፈታ አይቼ አላውቅም ነበር። ዳር ዳሩን ጭን ላይ አድርጋ፣ የድሮውን ስፌት በመርፌ ጫፍ እያነሣች፣ አንዷን ነጥብ ከሌላዋ እየፈታች ሄደች። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ስፌቱ አልቆ ጋቢው ለሁለት ሲከፈል መሐሉ፣ ብርሃን አይቶ የማያውቀው ገጽ፣ ከላዩ ይልቅ ነጭ ነበር። አንዱ ግማሽ ተቆርጦ ለልጁ ኩታ ሆነ። ሁለተኛው ግማሽ እናቴ ዘንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ትሄዳለች።

ሱሪውን የመስፋቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ባለቤቴ ተረኛ ነበረች፤ እናቴ በመብራት መርፌ ማየት አትችልም። የአባቴ የእግር ሲንጀር ይሠራል፣ ነገር ግን ሌሊት ሲዞር ግድግዳ የምንጋራቸውን ተከራዮች ይቀሰቅሳል። ስለዚህ በእጅ። የልጁን የትምህርት ቤት ሱሪ ለሁለት አጥፌ ጨርቁ ላይ አስተኛሁት፤ ለስፌት ሁለት ጣት ተውኩና ዙሪያውን በሳሙና ቁራጭ አሰመርኩ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። መቀሱን አነሣሁና ቆረጥኩ።

በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። በእጅ የተሸመነ ግን እንደተቆረጠ መፈታት ይጀምራል። መጀመሪያ አንዲት ቢጫ ክር ወረደች። ልሰበስባት ብስባት ጥቁሩ ተከተላት፤ ጥቁሩን ብይዝ ቀዩ። አንዱን ጠርዝ በጣቴ ጨብጬ ሌላውን ስሞክር የጨበጥኩት ይፈታል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ 400 ብር ክር ሆኖ ሲያልቅ ሳይ፣ አልዋሽም፣ በወጣትነቴ እንኳን ያልሰደብኩትን ስድብ ተሳደብኩ።

እናቴ ተነሥታ መጣች። አላየችውም፣ ዳሰሰችው። «ቆርጠህ ነው የምትሰፋው?»

«ታዲያ እንዴት ላድርግ?»

«መጀመሪያ ስፋ፣ ከዚያ ቁረጥ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትቆርጥበትን መስመር ካሰመርክ በኋላ ከመስመሩ ግራና ቀኝ፣ በግማሽ ጣት ርቀት፣ ጥቅጥቅ አድርገህ ሁለት ረድፍ ትሰፋለህ። ከዚያ በሁለቱ ረድፎች መካከል መቀሱን ታሳልፋለህ። ክሩ ሊፈታ ሲል ስፌቱ ያስቆመዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ጨርቅ ሳያጠፋ አይማረውም። የቀረውን በዚህ መንገድ አዳንን። ከእያንዳንዱ እግር ግን ብዙ ጠፍቶ ነበርና ሱሪው ቁምጣ ሆነ። ለወገቡ ከአሮጌ የሌሊት ልብስ ላስቲክ አወጣን፤ ጠርዙን እናቴ በዳሰሳ ዘመዘመችው፣ ከእኔ ስፌት የእርሷ ቀጥ ያለ ነው።

በጠዋት ልጄ ለካና «አጭር ነው» አለ። ወደ ሸማኔው ይዤው ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ፍርድ ለመስማት ነው። ጋሼ ልጁን ዞር ዞር አድርጎ አየው። «የአባቶቻችንም አጠር ያለ ነው» አለ። ደግነት ይሁን እውነት አልጠየቅኩም። ቀጥሎ ግን «ሣሩስ?» አለ።

የጋሞ ሽማግሌ ለእርቅ ሲወጣ እርጥብ ሣር ይይዛል። ይህንንስ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል፤ በመስከረም 2011፣ በቡራዩ ከደረሰው ግድያ በኋላ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ ሽማግሌዎቹ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ሸማኔው ይህን ለልጄ በሚገባው ቋንቋ ነገረው፤ «ሰው ሲናደድ ይህን ይዘህ ፊቱ ትንበረከካለህ፣ ከዚያ እርሱ ሊያልፍህ አይችልም» ብሎ። ከግቢው ጥግ ነጭቶም ሰጠው። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን እህቱ በተቆጣች ቁጥር ሣር ይዞ ይንበረከካል። እርሷ ግን ታልፈዋለች።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤቱ አምሮ ነበር። የዚያ ዓመት አገር አቀፍ በዓል የሚከበረው አርባ ምንጭ ስለነበር መምህሯ ልጄን ከፊት አቆመችው። ከኋላው የታተመውን፣ ጀርባው ነጭ የሆነውን ልብስ የለበሱ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ከሩቅ ሲታዩ የእነርሱ ይበልጣል፣ ቀለሙ ይጮኻል። የኛ ቁምጣ አንዱ እግር ከሌላው በግማሽ ጣት ይረዝማል። ይህን ያየሁት ፎቶ ካነሣሁ በኋላ ነው።

ስወጣ በር ላይ ቆሎ የምትሸጠውን ሴት ሰላም አልኳት። ልጇ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነው። ያን ጊዜ ልጁ ከጎኗ ቆሞ የካልሲ ኳስ ያንከባልል ነበር።

«ትምህርት የለውም እንዴ?» አልኳት።

«ታሟል ብዬ ደወልኩላቸው» አለች። ቆሎውን እየሰፈረች ነው የምትናገረው። «ምን ላድርግ ወንድሜ። ሱማሌ ደረሰው። ሽርጥና ኮፍያ ብዬ ዋጋ ጠየቅሁ፣ በሁለት ቀን ቆሎ የማተርፈውን ነው የነገሩኝ። በዩኒፎርም ልኬው ከሚያፍር...»

የታመመው ልጅ ኳሱን እግሬ ሥር ሰደዳት። መለስኩለት። ስምንት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ቁምጣ ስጨነቅ ከክፍሉ ውስጥ ስንቱ ልጅ በዚያ ጠዋት «ታሞ» እንደሚውል አንድ ጊዜ እንኳን አላሰብኩም ነበር። እቤት ውስጥ የተረፈ ሽርጥ ነበረኝ፤ ባለቤቴ የሌሊት ልብስ አድርጋዋለች። ብጠየቅ እሰጥ ነበር። አልጠየቀችኝም፣ አታውቀኝም፤ እኔም ለሸማኔው እንዳደረግሁት ለእርሷም በየቀኑ ሰላም እያልኩ የማልፍ ሰው ነኝ።

በግንቦት ሌላ ወረቀት መጣ፤ የሙያ ቀን። ልጆች ወደፊት መሆን የሚፈልጉትን ሙያ ለብሰው ይምጡ። ይህ ከባህል ልብስ ይቀላል፤ ነጭ ሸሚዝ ያለው ሰው ሐኪም አለው፣ የፓስታ ካርቶን ያለው ሰው የአብራሪ ቆብ አለው። በዚህ ጊዜ ግን ወረቀቱን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቆሎዋ ሴት ነው፤ «የእናንተ ምን መሆን ይፈልጋል?» ብዬ።

አብራሪ።

እሁድ ከሰዓት ልጇን ይዛ ቤታችን መጣች። እናቴ ሲንጀሩን ስታሳያት ሴትየዋ ሳትጠየቅ ተቀመጠች፣ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች፣ ክሩን በዓይኗ ሳታይ አስገባች። ሁላችንም ዝም አልን። ሐዋሳ በልብስ ፋብሪካ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ኢትዮጵያ በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከማስገባት ዕድል፣ ስትሰረዝ ወደ አሜሪካ የሚላከው ልብስ ቀነሰ፤ ሠራተኛ ሲቀነስ እርሷም ተቀነሰች።

«ታዲያ ሙሉ ሸሚዝ ትሰፊያለሽ ማለት ነው» አለች እናቴ በደስታ።

«አይ እትዬ። እኔ እጅጌ ብቻ ነኝ።»

ቀኑን ሙሉ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እጅጌ። ግራ እጅጌ፣ ቀኝ እጅጌ፤ ኮሌታውን ሌላ ሰው፣ ቁልፉን ሌላ ሰው። አንድም ቀን ሙሉ ሸሚዝ ሰፍታ አታውቅም። የሰፋችውን እጅጌ ያየ ሰው ግን ሌላውን ነገር ይረሳዋል። የኔን ነጭ ሸሚዝ ለልጇ አጠበብነው፤ ኮሌታውን እናቴ በዳሰሳ፣ እጅጌውን እርሷ በሲንጀር፣ የትከሻውን ምልክት እኔ ከሲጋራ ወረቀት ብርማ ልጣጭ ሠራሁ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «ምንድን ነው ይሄ፣ ፋብሪካ ከፈታችሁ?» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አያስወራም። የወረቀት ካርቶን አገኘንና የለበሱትን ሁሉ አጥበን እዚያ ማስቀመጥ ጀመርን፤ የሠፈሩ ሰው ይወስዳል፣ ይመልሳል፣ አንዳንዴም አይመልስም። አሁን ውስጡ አንድ የአብራሪ ሸሚዝ፣ ሁለት የካርቶን ቆብ (አንዱ ተጨምድዷል)፣ ባለቤቴ ያዘነችለት ሽርጥ፣ ከየት እንደመጣ ማንም የማያውቅ የላባ ጌጥና የጋሞ ቁምጣው አለ። ቁምጣው ዘንድሮ ለልጄ ጠቦታል። የካልሲ ኳስ ያለው ልጅ ከእርሱ ቀጠን ስለሚል ተላልፎለታል፤ እናቱ ወገቡን ለክታ ስትመልስ «ይሄ አንዱ እግር ይረዝማል፣ ማነው የሰፋው?» አለች። እናቴ ወደ እኔ ጠቆመች።

ትናንት ደግሞ የዘንድሮው ወረቀት ገባ። ለሴቷ ልጄ ነው። እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና «ምን ደረሳት?» አለች።

«ኮንሶ።»

«ኮንሶ ሴት ምን ትለብሳለች?»

ካርቶኑን ተመለከትኩ፤ እዚያ ውስጥ የለም። «ድርብ ቀሚስ ይመስለኛል። በደንብ አላውቅም።»

«አታውቅም» አለች፤ ምርኩዟን ወደ በሩ ጠቆመችና «ታዲያ ምን ትጎለታለህ?»

ጫማዬን አደረግሁ። ሸማኔው እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ ይሠራል፤ ከአጠገቡ የሚሠራው ሰው ከወዲያ ከኮንሶ በኩል ነው ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል።